በነጭ ሸሚዝ ካርቡራተር የፈታሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከሳቢያን ወደ መጋላ ስሄድ ደቻቱ ድልድይ አፍ ላይ አንዲት አሮጌ ጂፕ ቆማ መንገዱን ዘግታለች። ከኋላዋ የተሰለፈው ባጃጅ ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋል፤ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ተንጠልጥሎ ይሳደባል። ኮፈኗ ተከፍቷል፤ ዙሪያዋን ሰው ከቧታል። ድሬዳዋ ላይ መኪናህ ከቆመ ብቻህን አትቀርም። ሎሚ የሚሸጠው ይመጣል፣ ጫት ገዝቶ የሚመለሰው ይመጣል፣ ከባንክ የወጣው ሰውዬ ከረቫቱን እያላላ ይመጣል፤ ሁሉም ሐኪም ነው። የሁሉም ምርመራ ደግሞ አንድ ነው።

"ሙቀት ነው አቦ! ውኃ አፍሱባት!"

ይቺን ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ። ባለ መኪናው ላቡ ግንባሩ ላይ የሚንቆረቆር ጎረምሳ ነው፤ ዞር ብሎ አፈጠጠብኝ። "ጋሼ፣ ምን ያስቅሃል?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ በሰው ችግር አይሳቅም። ግን እኔ በሱ አልሳቅኩም። "ሙቀት ነው" የምትለዋ ቃል አንድ ጊዜ ሚስቴን ልታሳጣኝ ምንም አልቀራትም ነበር፤ ያ ቀን ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ ድሬ ባጃጅ የሚባል ነገር አታውቅም። እኔ ጢሜ ገና ያቀመቀመ፣ አንድ የጨርቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያስረከብኩ የምኖር ወጣት ነኝ። ሮማን የሁርሶ ልጅ ናት፤ ለትምህርት መጥታ ሳቢያን አክስቷ ቤት ትኖር ነበር። እንዴት እንደተዋወቅን አልናገርም፤ እሷ እኔ በምነግረው አትስማማም፣ እኔም እሷ በምትነግረው አልስማማም። ብቻ ተዋደድን። አባቷ አምሳ አለቃ ደምሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠራዊት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሁርሶ ላይ ቤት ሠርተው የተቀመጡ ሰው ናቸው። በሰዓት ቀልድ አያውቁም።

ፋሲካ አልፎ የሰርግ ወራት ገብቶ ነበር። አንድ ቀን ሮማን መጋዘኑ በር ላይ መጣችና፣ "ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው" አለችኝ። "ሰውየው ሱቅ አለው፣ አዲስ ፒክአፕ አለው፤ አባቴም ልቡ ወደዚያ ያዘነበለ ይመስለኛል። ለአንተ ሰዎች ቅዳሜ ከምሳ በፊት እንዲመጡ በስንት ልመና አስፈቅጃለሁ። ካረፈዱ በር ላይ ይመልሳቸዋል። ከዚያ በኋላ እኔን እርሳኝ።"

አላለቀሰችም። ሮማን አታለቅስም፣ ትቆጣለች። ሄዳ ከዓይኔ እስክትጠፋ ድረስ ከበሩ ላይ መነቃነቅ አቃተኝ።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ተፈራ ነው። ከምድር ባቡር ጡረታ ሲወጣ ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር ፉጨትና ፈረንሳይኛ ነው፤ ሲደሰትም ሲናደድም "አሌ! አሌ!" ይላል፣ "ሂድ! ቀጥል!" ማለቱ ነው። ሁለተኛው ጎረቤታችን ባለ ሱቁ አዴር ጃማ ነው። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራው። ሦስተኛው የነፍስ አባታችን መምሬ ኃይሉ ናቸው። አጎቴንና አዴር ጃማን አንተ እያልኩ መምሬን አንቱ ማለቴ እንዳይገርማችሁ። የድሬ ልጅ ነኝ፤ አንቱታ አፌ ላይ አይበረክትም፣ ለቄስና ለአማት ብቻ ቆጥቤ ነው የማወጣት።

ችግሩ መኪናው ላይ ነው። አጎቴ ከጨረታ የገዛት፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ አሮጌ ጂፕ ነበረችው። ከልጆቹ አብልጦ ይወዳት ነበር ብል አልዋሽም። ጠዋት ጠዋት ያጥባታል፣ ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር ያቆማታል፣ ቤንዚን ሲቀዳ እንደ ሽቶ እያሸተተ ነው። ጂፒቱ ግን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አመል አውጥታለች። ከተማ ውስጥ ትሄዳለች። ትንሽ ረዘም ያለ መንገድ ስትወጣ ግን ትደናቀፋለች፣ ታስላለች፣ ትቆማለች። ሲያሳርፏት ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ተነስታ ትሄዳለች።

ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ሥራ የለም፤ ፀሐይዋ አታሠራም። ሰው ምሳውን በልቶ በርጫ ላይ ይቀመጣል። ከኒሙ ሥር የጫቱ ጨዋታ ሲደራ የጂፒቱ ነገር ይነሳል፤ "ካርቡራተሩ ነው" ይባላል፤ እፈታለሁ። አጎቴ ዓይኑ ደክሟል፣ ብሎኑን የምፈታው እኔ ነኝ፤ ከመፍታቴ ብዛት ጨፍኜ እገጥመው ነበር። ቤንዚን የምትረጨዋን ጂግለር ነፋሁ፣ የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀውን ተንሳፋፊ አየሁ፣ በቤንዚን አጠብኩት። ቤንዚን የሚጠራቀምበት ሳህኑ ሙሉ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ከዚያ ጫቱ ሞቅ ሲያደርጋቸው ሁሉም ተስማምተው ፍርድ ይሰጣሉ፤ "ሙቀት ነው!" አጎቴም ጆንያ በውኃ አርጥቦ ቤንዚን ከጋኑ የሚስበው ፖምፓ ላይ ያለብሳል። ነገ ደግሞ ያው ነው።

"ጋሼ፣ በሌላ መኪና ሂዱ" ብዬ ለመንኩት።

"እኔ ቆሜ? ለእህቴ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ በአውቶቡስ ከፍየል ጋር ተጋፍቼ ልሄድ? አሌ!"

አንድ ሌላ ጣጣም ነበር። አጎቴ ለረጅም መንገድ ዓይኑ አያስነዳውም፤ ጂፒቱ ብትቆም የሚያስነሳትም እኔ ብቻ ነኝ። ሙሽራ ሽማግሌዎቹን ራሱ ጭኖ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ደግሞ ማን አየ? መምሬ፣ "ይህ ነውር ነው" አሉ። አዴር ጃማ ነው መላ ያመጣው።

"ወላሂ፣ ነውር የለውም። አባትየው ይሄን ልጅ አያውቀውም። ወሪያ፣ ስማኝ! አንተ ሹፌር ነህ። ከመኪናው አትርቅም፣ አፍህን አትከፍትም። ኻላስ!"

ይህን ብሎ ከሱቁ አዲስ ነጭ ሸሚዝ አውጥቶ ሰጠኝ። "ባትታይም ልበስ፣ ለገድ ነው" አለኝ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። የእኛ አገር ሰው ፀሐይን ቀድሞ ነው መንገድ የሚወጣው። የአዴር ጃማ ሚስት ሄል የበዛበት ሻይ በቴርሞስና ሰምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችን፤ መምሬ አብረውን ስለሚሄዱ ሥጋውን ትታ በምስር ነው የሠራችው። ከከተማ እንደወጣን የሰምቡሳው ሽታ መኪናውን ሞላው። አስፋልት አልነበረም፤ ኮረኮንቹ ከታች ያንገጫግጨናል፣ በተከፈተው ሸራ የሚገባው ንፋስ ከላይ ይገርፈናል። ግራር፣ አቧራ፣ ደግሞ ግራር። ግመሎች አንገታቸውን አስግገው ያዩናል። እኔ ሸሚዜ እንዳይቆሽሽ መሪውን በጣቴ ጫፍ ነው የያዝኩት።

ብዙም አልሄድንም። ተደናቀፈች፣ አሳለች፣ ቆመች።

"ሙቀት ነው!" አለ አጎቴ ወዲያው፣ ጆንያውን ለማርጠብ እየወረደ።

መምሬ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ከኋላ ወንበር ቀና አሉ። "ተፈራ፣ እኔ በንፋሱ እየተንቀጠቀጥኩ ነው። ፀሐይዋ አልወጣችም። የምን ሙቀት ነው የምትለኝ?"

አጎቴ አልሰማቸውም፣ ወይም ያልሰማ መሰለ። እኔ ግን ሰማሁ። እዚያው ቆሜ ሞተሩን አየሁ፣ ሰማዩን አየሁ። እውነትም ፀሐይ የለችም። ስንት ቀን ሙሉ "ሙቀት" ስንል ቆየን፣ ይህች ግን በጠዋቱ ብርድ ቆመች! ሐሳቤን ሳልጨርስ አጎቴ "ሞክራት!" አለኝ፤ ሞከርኳት፣ ተነሳች፣ ሄድን። ልቤ ግን እዚያው ቀረ።

ሁለተኛ ጊዜ ስትቆም ፀሐይዋ ወጥታ መንገዱ መጋል ጀምሯል። ከፊታችን ገና ብዙ መንገድ አለ። መምሬ ወርደው አማተቡ። "ልጄ፣ ይህ ምልክት ነው። እግዜር ያልፈቀደውን በግድ አንሄድም፤ እንመለስ" አሉ። አዴር ጃማ ሰዓቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ይሄ ከመምሬ ንግግር የባሰ አስደነገጠኝ። እኔ ሮማንን ነው ያሰብኩት። በር ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን ስታይ፣ ከዚያ ያ አዲስ ፒክአፕ አቧራውን እያቦነነ ሲመጣ።

"አሁኑኑ እፈታዋለሁ" አልኩ።

"አብደሃል? ትኩስ ነው! ይብረድ፣ ጥላ ይፈለግ!" አለ አጎቴ።

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። እስከዛሬ ካርቡራተሩን እንደቆመች ወዲያው ፈትቼው አላውቅም! ሁልጊዜ ተገፍታ ወይ ተነድታ ቤት ትደርሳለች፣ ሰው ምሳውን ይበላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ከኒሙ ሥር ተዝናንተን እንፈታለን። እስከዚያ የሆነው ነገር ሁሉ ሆኖ አልፏል። ሲያማት አይተናት አናውቅም፤ ከዳነች በኋላ ነው የምንመረምራት።

ካቻቢቴውን አነሳሁና ገባሁበት። ብረቱ ጣቴን ለበለበኝ፣ ሸሚዜ እጅጌው ላይ ጠቆረ፤ ማን ሊያስብ! ሳህኑን ከፍቼ አየሁ። ደረቅ! እንደ ደቻቱ ወንዝ በበጋ ደርቋል። አንድ ጠብታ የለበትም።

"ቤንዚን አይደርሰውም!" ብዬ ጮህኩ። ካርቡራተሩ ምንም በደል የለበትም፤ ተጠምቶ ነው።

የቤንዚኑን ቱቦ ነቅዬ ፖምፓውን በእጄ ደጋግሜ ገፋሁት። ጠብ አለች፣ ቆመች። "ፖምፓው ሞተ፤ በቃ፣ ያበቃለት ነገር ነው" አለ አጎቴ፣ ድምፁ ተሰበረ። እኔ ግን ዱካውን ወደ ኋላ እየተከተልኩ ነበር፤ ከካርቡራተር ወደ ፖምፓ፣ ከፖምፓ ወደ ጋኑ። የቤንዚን ጋኑን ክዳን ያዝኩና ላዞር ስል እምቢ አለ። አንድ ሰው ከውስጥ የያዘው ነው የሚመስለው። በሁለት እጄ ጥርሴን ነክሼ ጠመዘዝኩት።

ፉ—ስስስ! አለ።

አዴር ጃማ ወደ ኋላ ዘለለ። "ቢስሚላህ! ምንድነው እሱ?"

"አየር ነው አዴር! አየር ነው የጠማት!"

ሮጬ ሄጄ ፖምፓውን ስገፋው ቤንዚኑ ከቱቦው ተፈናጥሮ ደረቴን አጠበኝ። እንደዚያ ቀን ቤንዚን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ክዳኑን ገልብጬ አየሁት። ውስጡ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ተለብጧል፤ አናቱ ላይ ያለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ ደግሞ በሳሙና ተደፍናለች። ፖምፓው ቤንዚን በመጠጠ ቁጥር የሚተካው አየር አይገባም፤ ጠርሙስ ላይ አፍህን ገጥመህ ስትመጥ ከንፈርህን ይዞ እንደሚያስቀር ጋኑ ቤንዚኑን ይዞ ያስቀራል። ስናሳርፋት በላስቲኩ ዳር ትንሽ አየር ይሾልክና ትነሳለች። ነገሩ ይኸው ነበር!

ቀና ስል አጎቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። በርጫ ላይ፣ "የድሬ ፀሐይ ከእኔ ጋን አንዲት ጠብታ ቤንዚን አትጠጣም፣ ዘዴ አበጅቼላታለሁ" እያለ ሲኩራራ ትዝ አለኝ። ይህን ስህተት ደገኛ አይሠራውም፤ ቤንዚኑን ከፀሐይ የሚደብቅ የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። ላስቲኩን ቀድጄ ጣልኩ፣ ከግራር ላይ እሾህ ቆርጬ ቀዳዳዋን ከፈትኩ፣ ካርቡራተሩን ገጠምኩ። ከዚያ በኋላ ያቺ ጂፕ በረረች ነው የምላችሁ። መምሬ ራሳቸው ጋቢያቸው ንፋሱ ላይ እየተውለበለበ፣ "ትንሽ ጨመር አድርጋት ልጄ" አሉኝ።

አምሳ አለቃ ደምሴ ሰዓታቸውን እያዩ በር ላይ ቆመው ነበር። ደርሰናል! ሽማግሌዎቹ አቧራቸውን አራግፈው ገቡ፤ እኔ ሹፌሩ ከጂፒቱ አጠገብ ቀረሁ። ከውስጥ የመምሬ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ሮማን በመስኮት ብቅ ብላ ከጥፍሬ እስከ ፀጉሬ ጥቁር ዘይት መሆኔን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ልሙት አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና አምሳ አለቃው ወደ እኔ መጡ። ከኋላቸው ሦስቱ ሽማግሌዎች ግር ብለው ይከተላሉ። ለካስ አጎቴ አፉ አላርፍ ብሎት የመንገዱን ጉድ አውርቶላቸዋል፤ የክዳኑን ነገር ግን ዘሏታል። ዕድሜውን ሙሉ መኪና የነዳ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ መቀመጥ አይችልም።

"አንተ ነህ ያስነሳሃት?"

"አዎ ጌታዬ።"

"ምን አግኝተህ?"

አፍህን አትክፈት ተብያለሁ፤ ግን ሰውየው ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ነገርኳቸው። ፀሐይ ሳይወጣ መቆሟን፣ ሳህኑ ደርቆ ማግኘቴን፣ ክዳኑ ሲከፈት አየር መሳቡን። ክዳኑን ከጋኑ ፈትቼ ስሰጣቸው አገላብጠው አዩት፤ የሳሙናው ፍርፋሪ ዳር ዳሩ ላይ ቀርቷል።

"ይህን ማን ነው የደፈነው?"

አጎቴ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ እሱ ነው፤ እዚያ ግቢ ውስጥ መሳቂያ ከሆነ ቃሉን ማን ይሰማዋል? ደግሞስ ያሳደገኝ ሰው ነው።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

አምሳ አለቃው ትክ ብለው አዩኝ። "እንዳንተ ነገር የገባው ሰው ራሱ ደፍኖት ቢሆን መጀመሪያ የሚከፍተው ክዳኑን ነበር። አንተ ግን ከካርቡራተር ጀምረህ ስትለፋ ነው የዋልከው። ለምን ትዋሸኛለህ?"

አጎቴ ፈነዳ። "ተወው አቦ! እኔ ነኝ! ቤንዚኔን ፀሐይ እንዳይጠጣብኝ ብዬ በገዛ እጄ የደፈንኩት እኔ ነኝ! ልጁ ሊሸፍነኝ ነው!"

አምሳ አለቃው መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቃነቀ፣ ከዚያ ሳቁ መጣ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አዴር ጃማም ተከተለ፤ መምሬም በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሳቁ ሲበርድ አምሳ አለቃው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣

"ዕድሜዬን ሙሉ ከሹፌር ጋር ነው የኖርኩት" አሉኝ። "ሹፌር በነጭ ሸሚዝ ካርቡራተር አይፈታም። ሙሽራው አንተ ነህ። ና ግባ፣ እጅህን ታጠብ።"

ውኃ ያስታጠበችኝ ሮማን ናት። ዘይቱ አልለቅ ሲል፣ "ይሄ ነው እንግዲህ ሙሽራዬ?" ብላ በጆሮዬ ሳቀች። አባቷ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው፣ "ወጉ ሌላ ቀን ተመለሱ ማለት ነበር። ግን ያቺን ምስኪን ጂፕ በዚህ መንገድ እንደገና ማመላለስ ግፍ ነው" አሉ። "ልጄንም ጠይቄያታለሁ፣ የምትፈልገውን ነግራኛለች። የማላውቀው የልጁን ጠባይ ነበር፤ እሱንም በር ላይ አየሁት። ሰጥቻችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ለሚመጡት ሽማግሌዎች መልስ አለኝ።"

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? ስንመለስ አዲሱ ፒክአፕ የተፎካካሪዬን ሽማግሌዎች ጭኖ ከፊት ለፊታችን መጣ። አጎቴ ከወንበሩ ተነስቶ ጥሩንባውን እስኪያልፉ ድረስ ነፋው። "አሌ! አሌ!" ሲል፣ ምንም ያልገባቸው ሽማግሌዎች በትህትና እጃቸውን አውለበለቡልን።

ድልድዩ ላይ ላለው ጎረምሳ ይህን ሁሉ አላወራሁለትም። ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጌ ገባሁ። መጀመሪያ የጋኑን ክዳን ከፈትኩ፤ ደህና ነው፣ ይተነፍሳል። ሁሉ ጊዜ ክዳን አይሆንም። ከዚያ የቤንዚኑን ቱቦ ስነቅል ቤንዚኑ ደረቴ ላይ ተረጨ፤ የካርቡራተሩን ሳህን ፈትቼ ሳይ ግን ባዶ ነው። ተንሳፋፊው ተጣብቋል ማለት ነው። ሁሉንም መልሼ ገጥሜ ሳህኑን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብዬ መታ መታ አደረግኩትና "ሞክራት" አልኩ። ተነሳች።

"አላልንም!" አለ ከባንክ የወጣው ሰውዬ፣ ባዶውን የውኃ ጀሪካን ከፍ አድርጎ። "ውኃው ነው ያስነሳት!"

ተውኳቸው። አጎቴም፣ አዴር ጃማም፣ መምሬም፣ አማቴም ዛሬ የሉም፤ ግን በሕይወቴ የትኛውን ቀን ድገም ብትሉኝ ያቺን ቅዳሜ ነው። ብዙ ነገር ሲበላሽ አይቻለሁ፣ ትዳርም ጓደኝነትም፤ ሰው ከበረደ በኋላ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይመረምረዋል፣ ያኔ ምንም አያገኝም። ትኩሱን የከፈተ እጁ ይቃጠላል፤ ግን ያያል። እኔና ሮማን ስንጣላ ሳይበርድ ነው የምንነጋገረው፣ ጎረቤት ይመስክር።

ቤት ስደርስ ሮማን በር ላይ ነበረች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ጠዋት ራሷ የተኮሰችው ነጭ ሸሚዝ ደረቱ በቤንዚን ርሷል፣ እጅጌው ጠቁሯል።

"ደግሞ ማንን ልታገባ ነው?" አለችኝ።